ባለድርጅቱን «ኔትወርክ ዘርጋ» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዳማ ውስጥ ለትንንሽ ድርጅቶች ኔትወርክ እዘረጋለሁ፤ ማለትም ኮምፒውተርና ፕሪንተሮቻቸውን እርስ በርስ አገናኛለሁ። ኬብል መሳቡ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ነገሩ ብር እንደሚያተርፍ ባለቤቱን ማሳመን ነው። ደንበኛ ያጣሁባቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ከዕቃው መጀመር

ገና ከመቀመጣችን «ባለ 8 ፖርት ስዊች፣ ካት 6 ኬብል…» እንላለን። ሰውዬው የሚሰማው ወጪ የሚለውን ብቻ ነው። ዕቃው መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ያውም ከጠየቀ።

በግምት ማውራት

«ብዙ ብር ይቆጥብልዎታል» ነጋዴ ፊት አይሠራም። ፖስታ ቤት አካባቢ ላለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ይህን ስል፣ ጋሼ የምላቸው ባለቤት «ስንት?» አሉኝ። አፌ ተያዘ።

በማግስቱ ተመልሼ ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ። 4 ኮምፒውተር፣ 3 ፕሪንተር አለ። ከሦስቱ የሚሠራው የሒሳብ ክፍሉ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ቶነር አልቋል። የሽያጯ ልጅ ፕሮፎርማ ትሠራለች፣ በፍላሽ ትይዛለች፣ ሒሳብ ክፍል ትሄዳለች፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ የጀመረችውን እስክትጨርስ ትቆማለች። ፍላሹ ቫይረስ ይዞት ፋይሉ ሾርትከት ሆኖ ቁጭ ካለ ደግሞ እንደ አዲስ ትመለሳለች። እስከ ምሳ 9 ጊዜ ተመላለሰች። አንዱን ምልልስ 5 ደቂቃ ብንለው 45 ደቂቃ ነው፣ ያውም ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ቆሞ። የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው። ሁለቴ አነበቡትና «ለካ ለዚህ ነው ሰው ‹መጣሁ› ብሎ የሚቀረው» አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ ማውራት አላስፈለገኝም። አሁን አራቱም የሚያትሙት በአንድ የኔትወርክ ፕሪንተር ነው፤ ቶነርም የሚገዛው ለእሱ ብቻ ነው።

ኔትወርክና ኢንተርኔትን አለመለየት

«ሠራተኛ ቲክቶክ እንዲያይ ልክፈልለት?» ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። ኮምፒውተሮቹ በኬብል ከስዊች ጋር (ኬብሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ማገናኛ ሳጥን) ከተገናኙ፣ ፋይል መለዋወጡም ማተሙም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። እኔ አሁን በአፍ አላስረዳም። ሁለት ላፕቶፕና ትንሽ ስዊች በቦርሳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስልኬን አጥፍቼ፣ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ፊታቸው አሳልፋለሁ።

ሰርቨር ካልገዙ ብሎ ሙጭጭ ማለት

ሰርቨር ማለት ሌሎቹን ለማገልገል ብቻ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ነው። ለ4 ኮምፒውተር የምን ሰርቨር? ዊንዶውስ 10 እና 11 እስከ 20 ማሽን ድረስ ፋይል ማጋራት ይፈቅዳሉ። ካሉት ደህናውን መርጦ የጋራ ፎልደሩን እሱ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ወጪ መደበቅ

የጋራ ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ከጠፋ ግን ሁሉም ከፋይሉ ይቆራረጣል። መብራት ሲሄድ ሥራው እንዳይበላሽ ለእሱና ለስዊቹ ዩፒኤስ (ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋል። የጋራ ፎልደር ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም፣ ስለዚህ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክም ይገዛል። ሁለቱም መጀመሪያ በምትሰጡት ዋጋ ውስጥ ይግቡ። «ረስቼው ነው፣ ትንሽ ይጨምሩ» ያልኩት ደንበኛ ሁለተኛ አልጠራኝም። አልፈርድበትም።

በኬብል መቆጠብ

መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኬብል ዋጋው ያጓጓል። ሲታጠፍ ግን ቶሎ ይሰበራል፣ ኔትወርኩ ሄድ መጣ ይላል፣ ስልኩ የሚጮኸው የእናንተ ነው። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጣ ካለ መልሱት። ርቀቱም ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ከ100 ሜትር አይለፍ። ቢሮ ውስጥ አያሰጋም፣ ጓሮ መጋዘን ካለ ግን ለኩ።

የሒሳብ ሠራተኛዋን መርሳት

ባለቤቱ እሺ ብሎ እሷ ካልወደደችው፣ ከሳምንት በኋላ ፍላሹ ተመልሶ ታገኙታላችሁ። ስጋቷ ደግሞ እውነት ነው፦ «የደሞዝ ዝርዝሩን ሁሉም ሊያየው ነው?» ፎልደሩ ለማን እንደሚከፈት መወሰን ይቻላል፤ ይህን በራሷ ኮምፒውተር አሳዩዋት። እኔ የሽያጯን ልጅ ጠርቼ «እስቲ ክፈቺው» እላታለሁ። አልከፍት ሲላት ሁለቱም ይስቃሉ። በማግስቱ ታዲያ «የይለፍ ቃሉ ጠፋኝ» ብላ የምትደውለው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት።