ደብዳቤ አትጠብቅ፦ በእንግሊዝ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ለትራንስ ወንዶች

ይሄን ጥያቄ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ በስልክ መመለስ ሰለቸኝ፤ አንዴ ጽፌው ልረፍ። «ስወለድ ሴት የተባልኩ ትራንስ ወንድ ነኝ፤ በወንድ ተመዝግቤያለሁ፣ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) እወስዳለሁ፣ የማህፀን በር ምርመራ እኔን ምን አገባኝ?» የማህፀን በር እስካለህ ድረስ ያገባሃል። ካንሰሩን በአብዛኛው የሚያመጣው በወሲብ ንክኪ የሚተላለፈው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው። ሆርሞኑ አይከላከልልህም። ክትባቱ አገር ቤት የተጀመረው በፈረንጆች 2018፣ ያውም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ስለሆነ አብዛኞቻችን አልደረሰንም። በቀዶ ጥገና ማህፀንህ ከማህፀን በሩ ጋር ከወጣ ግን ሌላ ሥራህን ሥራ።

መጀመሪያ ጂፒ፣ ማለትም የሰፈርህ ሐኪም ቤት፣ ተመዝገብ። ፓስፖርትም ሆነ የአድራሻ ማስረጃ የግድ አይደለም፤ የስደተኛ ሆቴል ውስጥ ብትሆንም ይመዘግቡሃል። ሪሴፕሽን ላይ «ወረቀት አምጣ» ካሉህ ኃላፊውን ጥራልኝ በል። ዓመት ሙሉ ሳይመዘገቡ ተቀምጠው ሲያማቸው የሚደውሉልኝ ልጆች ግን ያናድዱኛል።

ምርመራው ከ25 እስከ 64 ዓመት በነጻ ነው። ጥሪውን የሚልከው ሲስተም የሚያየው ጂፒህ ጋ የተመዘገበውን ጾታ ነው። «ሴት» ከሆነ ጥሪው በራሱ ይመጣል። «ወንድ» ከሆነ አይመጣም።

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ጂፒ ጋ መዝገቡ ላይ ጾታዬ «ወንድ» ተብሎ ይስተካከልልኝ አልኩ፣ ፎርም ሞላሁ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አዲስ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) ቁጥር እንደሚሰጠኝና ከጥሪ ዝርዝሩ እንደምወጣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ቆይቶ እኔው ጠይቄ ነርሷ ናሙና ወሰደች። ላብራቶሪው መለሰው። ለምን? ፎርሙ ላይ «ወንድ» ይላል። በቃ፣ ድገም! እዚያ አልጋ ላይ አንዴ መውጣቱ ስንት ወኔ እንደሚጠይቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ ገና ሳትተኛ ነርሷን አስጨርሳት፦ ትራንስ ወንድ መሆንህና የማህፀን በር እንዳለህ ፎርሙ ላይ ይጻፍ፣ ላብራቶሪው ቀድሞ ይነገረው፣ ውጤቱን ማን በምን በኩል እንደሚነግርህ ይታወቅ። ቀጣዩንም ማንም አያስታውስህም። ኤችፒቪ ካልተገኘብህ ቀጣዩ ከ5 ዓመት በኋላ ነው፤ እዚያው ቁጭ ብለህ ስልክህ ላይ መዝግበው። መዝገብህን አትቀይር ማለቴ አይደለም። ሰው በሞላበት አዳራሽ በሴት ስም ጮክ ተብሎ መጠራትን እኔም ቀምሼዋለሁ።

ቴስቶስትሮን ብልትን ስለሚያደርቅ ምርመራው ሊያምህ፣ ናሙናውም ሳይበቃ ቀርቶ «ተመለስ» ልትባል ትችላለህ። ስፔኩለም የሚሏት መክፈቻ ትንሿ ትሁንልኝ በል። ከፈለግክ ራስህ ታስገባታለህ። ከቀጠሮው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል የምትቀባው የኢስትሮጅን ክሬም ሐኪሙን ጠይቅ፤ እዚያው አካባቢ ብቻ ስለሚሠራ ጢምህን አይነካውም። የቀኑን የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ቀጠሮ ያዝ፣ ወረፋ ክፍሉ ጭር ይላል። ጂፒህ ካልጣመህ አንዳንድ የአባላዘር ክሊኒኮችም ይሠሩታል። ለንደን፣ ሶሆ ያለው 56 ዲን ስትሪት ለትራንስ ሰዎች የተለየ አገልግሎት አለው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ራስን በራስ ናሙና መውሰድ በ2024 በክሊኒክ፣ በ2025 ደግሞ በቤት ተፈቅዷል።

አስተርጓሚ ካስፈለገህ የአክስትህን ልጅ ይዘህ እንዳትሄድ። «ዘመድ ይዘህ ና» ካሉህ እምቢ በል፤ አስተርጓሚ ማቅረብ የእነሱ ሥራ ነው፣ አንተ አትከፍልም። በስልክ ይሁን፣ ከሌላ ከተማ ይሁን፣ ስሜ አይነገረው በል። ሐበሻ ጥቂት ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብህ የሚቆመው ሰውዬ ሊሆን ይችላል።

ከወሲብ በኋላ ከደማህ ወይም በሆርሞኑ የቆመው ደም ከተመለሰ ግን የምርመራ ቀጠሮ አትጠብቅ። በማግስቱ ጠዋት ጂፒ ደውል፣ «ደም አየሁ» በል።