የቤት ብሎወር ሞተርን አየር አሳጥተው የሚያቃጥሉ ስህተቶች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ቤቶች የሚሞቁትም የሚቀዘቅዙትም በአንድ ብሎወር፣ ማለትም አየር በሚገፋ ፋን ነው። በብርዱ ወራት የፈርነሱን (የማሞቂያውን) ሙቀት፣ በሙቀቱ ወራት የኤሲውን ቅዝቃዜ በዳክት (በአየር ቱቦ) እየገፋ ለክፍሎቹ ያደርሳል። ሞተሩ ሲቃጠል ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ከዋጋው በፊት ግን አየሩ የት ላይ እንደታፈነ መጠየቅ ነበረበት።

ፊልተር ላይ የሚሠሩት ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መርሳት ነው። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ፊልተር በየወሩ መታየት፣ ቢበዛ በ3 ወር መቀየር አለበት። ቡና የሚቆላበትና ቁሌት የማይጠፋበት ቤት ከዚያም ቀደም ማለት ይሻለዋል፤ ቅባት ያዘለ ጭስ ፊልተር ላይ ይጣበቃልና። ሁለተኛው ስህተት ለጤና ብሎ ሜርቭ 13 የሆነ ቀጭን ፊልተር መግጠም ነው (ሜርቭ የፊልተር ማጣሪያ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር የበለጠ ደቃቅ ነገር ይይዛል)። ደቃቁን አቧራ ይይዛል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አየሩንም ያፍናል። ሜርቭ 13 ከፈለጉ 4 ኢንች ፊልተር የሚይዝ ሳጥን ያስገጥሙ፤ እጥፋቱ ሰፊ ስለሆነ አየር በቀላሉ ያልፋል። ማሽኑን ከአቧራ ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ ሜርቭ 8 ይበቃል።

ሰው የማያድርበትን ክፍል ቬንት (አየር መውጫ) መዝጋት ቁጠባ ይመስላል። ማሽኑ ግን ክፍል ቀነሰልኝ ብሎ ሥራውን አይቀንስም፤ ዳክቱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ቀጥሎ የሚሆነው እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። የድሮው ፒ.ኤስ.ሲ. የሚባለው ቀላል ሞተር የሚገፋው አየር ስለሚያንስ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። በአምፔር መለኪያ ያየ ሰው ደህና ነው ሊል ይችላል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ግን በዚያው በሚያልፈው አየር ስለሆነ እየጋለ የሽቦ ጥቅሉና ኩሽኔታው ያረጃል። አዲሱ፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘው ኢ.ሲ.ኤም. ሞተር ደግሞ እልኸኛ ነው። በተለይ የአየር መጠን እንዲጠብቅ የተሠራው ዓይነት የጎደለውን ለማሟላት ፍጥነቱን ይጨምራል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ የመብራት ሂሳብ ይንራል፣ ውድ የሆነው የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉም ይግላል።

የቤቱን አየር ወደ ማሽኑ የሚስበውን አየር መመለሻ ሶፋ ወይም ቁም ሳጥን እንዳይጋርደው። ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

አየሩን የሚያቀዘቅዘው የኤሲ ኮይል በረዶ ሲሠራ ቴርሞስታቱን ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ችግሩን ያብሳል። ኤሲውን ያጥፉ፣ ፋኑን ብቻ አብርተው በረዶው ይቅለጥ፣ ፊልተሩን ይዩ። ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ ኮይሉ እንደገና በረዶ ከሠራ የኤሲው ማቀዝቀዣ ጋዝ ጎድሎ ወይም ኮይሉ ቆሽሾ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጥሩ። ፈርነሱም በአየር እጥረት ከጋለ የሙቀት መቆጣጠሪያ ስዊቹ እሳቱን ያጠፋል፣ ፋኑ ግን መንፈሱን ይቀጥላል። ያንን ስዊች በሽቦ አገናኝቶ ከሥራ ውጭ ማድረግ እሳት መጋበዝ ነው።

ከሁሉ የከፋው "ይተንፍስ" ብሎ የብሎወሩን በር ከፍቶ፣ በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያጠፋውን ስዊች በቴፕ አስሮ ማሠራት ነው። ብሎወሩ የተቃጠለ ጋዝ ስቦ ወደ መኝታ ቤት ሊልክ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም።

የሞተ ሞተር ሲቀየር የዳክቱን የአየር ግፊት ሳያስለኩ አይክፈሉ። ብዙ ማሽኖች የተሠሩት ለ0.5 ኢንች የውሃ ግፊት ነው (የአየር ግፊት የሚለካበት መለኪያ ነው)። ባለሙያው 0.9 ካነበበ አዲሱም ሞተር ያንኑ ዕጣ ይጠብቃል፤ ፊልተሩ፣ ኮይሉና የአየር መመለሻው ዳክት መፈተሽ አለባቸው። የተለካውን ቁጥር ከነቀኑ ፈርነሱ ላይ ያስጽፉ፣ ለሚቀጥለው ባለሙያ ይጠቅመዋል።