ለስታትስቲክስ ኮርስ ነፃ ሶፍትዌር እንዴት ይገኛል?

ሴሚስተሩ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ "ኤስፒኤስኤስ ጫኑና ኑ" ብሎ ይወጣል። ኤስፒኤስኤስ በክፍያ የሚገኝ የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ነው። ከሰንጋ ተራ ኮሜርስ እስከ ስድስት ኪሎ ስታትስቲክስ የወሰደ ሁሉ ያውቃታል ይህችን ቀን። የክፍሉ ግማሽ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይነጉዳል። እኔም ነጉጃለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቤት ገብቼ በፍላሽ አስጫንኩ። ልጁ "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፊው" አለኝ፤ አጠፋሁ። ማታ ፍላሼን ስከፍት ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ክራኩም (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረው ቅጂ) ቢሆን ወር ሳይሞላው ላይሰንስ አምጪ ብሎኝ አረፈው።

ሳንቲም ሳይወጣና ኮምፒውተር ሳይበላሽ ኮርሱን መጨረስ ይቻላል። አካሄዱ ይኸው።

1. ከማውረዳችሁ በፊት መምህሩን ጠይቁ

ጥያቄዋ አንድ ናት፦ የማስረክበው ምንድን ነው? ሰንጠረዥና ትንታኔ በወረቀት ብቻ ከሆነ በፈለጋችሁት ሥሩት። አማካይ የትም ቢሰላ ያው አማካይ ነው። የኤስፒኤስኤስ ፋይል አምጡ ካለ ወይም ፈተናው ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ከሆነ ግን ምርጫው ይጠባል። ይህን ሳይጠይቅ ማውረድ ጀምሮ ፓኬጁን የጨረሰ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ!

2. ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ

በውስጡ ካልክ የሚባል አለ። ኤክሴል የለመደ ሰው ካልክ ላይ አይጠፋም፤ የኤክሴል ፋይልም ይከፍታል። ከራሱ ከሊብሬኦፊስ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጡት "ነፃ ዳውንሎድ" የሚሉ ገጾች ሌላ ጣጣ ይዘው ይመጣሉ።

መጠኑ ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ በካርድ አትሞክሩት። የግቢ ዋይፋይ ሰው ሲቀንስ፣ በጠዋት ወይም አምሽታችሁ፣ አውርዱት። ደግሞ ሁሉም ማውረድ የለበትም። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው በፍላሽ ይቀባበላል። ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል፣ ስለዚህ እንደ ክራኩ በስርቆሽ አይደለም።

ከጫናችሁ በኋላ ቁጥሮቻችሁን በአንድ አምድ ጻፉና ምረጧቸው። ከላይ "ዳታ" የሚለውን፣ ከዚያ "ስታቲስቲክስ"፣ ከዚያ "ዲስክሪፕቲቭ ስታቲስቲክስ" ንኩ። ውጤቱ የሚያርፍበትን ባዶ ሴል አሳዩት። አማካይ፣ ሚዲያን፣ ቫሪያንስ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በአንድ ጊዜ ይደረደራሉ። ቲ ቴስት፣ አኖቫና ሪግሬሽንም እዚያው ሜኑ ውስጥ አሉ። ለመግቢያ ኮርስ ከዚህ የማታልፉ ብዙዎች ናችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካልክ ፋይሉን በራሱ ዓይነት ነው የሚያስቀምጠው። ለመምህሩ ስትልኩ "አልከፈት አለኝ" እንዳይላችሁ፣ "ሴቭ አዝ" ብላችሁ የኤክሴሉን ዓይነት ምረጡ።

ጉግል ሺትስና የድረ ገጹ ኤክሴልም ነፃ ናቸው። ለቡድን ሥራ ሺትስ ይመረጣል፤ አራት ሰው ባንድ ፋይል ላይ መጻፍ ይችላል። ኔትወርክ የሄደ ቀን ግን አብሮ መሥራቱ ይቆማል።

3. በኤስፒኤስኤስ ፋንታ

ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ ፒኤስፒፒ ጫኑ። ነፃ ሶፍትዌር የሚያዘጋጀው የግኑ ፕሮጀክት ሥራ ነው፤ ስሙም የማን ምትክ እንደሆነ ይናገራል። የኤስፒኤስኤስ ፋይል ይከፍታል፤ ታች ያሉት ሁለቱ ገጾች፣ የዳታውና የቫሪያብሉ፣ እንደዚያው ናቸው። "አናላይዝ" ከሚለው ሜኑ ፍሪኩዌንሲ፣ ክሮስታብ፣ ቲ ቴስት፣ ሪግሬሽን ታገኛላችሁ። ለመጠይቅ ክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየውን ቁጥር) ያወጣል። እጃችሁ እዚህ ከለመደ ላብ ውስጥ አትደናገጡም። ግራፉ ግን አያምርም፤ እኔ ቁጥሩን ወደ ካልክ ወስጄ እዚያ እስላለሁ።

ላፕቶፑ ደህና ከሆነ ጃሞቪ ይሻላል። ቫሪያብሉን ስትመርጡ ሰንጠረዡ በጎን ወዲያው ይወጣል፣ አንድ ነገር ስትቀይሩ አብሮ ይቀየራል። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲው ጃስፕም ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ሲወርዱም ሲሠሩም ከፒኤስፒፒ ይከብዳሉ። ኢኮኖሚክስ የምታጠኑ ደግሞ ግሬትልን እዩት፤ የስታታን (ሌላ የሚከፈልበት የስታትስቲክስ ሶፍትዌር) ፋይል ይከፍታል። አር የሚባለው ከሁሉም ይበረታል፣ ግን ኮድ መጻፍ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ኮርስ ብላችሁ አትጀምሩት።

4. ቀን ስታስገቡ

ማንም የማይነግራችሁ ጣጣ እዚህ ጋ ነው። መጠይቁን ያስሞላችሁት ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ነው እንበል። 3/13/2015 ብላችሁ ጻፋችሁ። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ያለ አንዳች ቅሬታ "ማርች 13፣ 2015" ብሎ ይይዘዋል። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ግን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8፣ 2023 ነው። ስምንት ዓመት ተኩል ሊሞላ ምንም ያልቀረው ስህተት! ሌላውን ቀን፣ ለምሳሌ 30/6/2015ን፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስለዚህ በአንዱ አምድ ውስጥ ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ካያችሁ እዚያ ጋ ቁሙ።

እኔ ሦስት አምድ እከፍታለሁ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ስፈልግ ዓመቱን በ365 አባዛለሁ። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚወጣውን ሙሉ ቁጥር እደምራለሁ፤ ቀሪውን እጥለዋለሁ። ወሩን በ30 አባዝቼ እደምራለሁ፤ በመጨረሻ ቀኑን። ለሁለቱም እንዲህ ሠርቼ አንዱን ከአንዱ እቀንሳለሁ። በጳጉሜን 6፣ 2015 እና በመስከረም 1፣ 2016 ሞክሩት፤ ፎርሙላውን በትክክል ከጻፋችሁት 1 ይወጣል።