ነጭ አፈርን ለእቶን የሚሆን ልም ዱቄት ማድረግ

ይህን የምጽፈው አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ገላን አካባቢ አልሙኒየም ለምታቀልጡና የራሳችሁን እቶን ለምትሠሩ ነው። የእቶኑ ልባስ (የውስጥ ግድግዳው ሽፋን) እየተሰነጠቀ ሲረግፍ እሳቱን አትውቀሱ። መጀመሪያ ልባሱ የተሠራበትን ዱቄት እዩ።

የአቃቂ መረሬ ለዚህ አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈርም ብረት ስላለበት ከፍተኛ ሙቀት ላይ ቶሎ ይለሰልሳል። የሚያዋጣው ካኦሊን የሚባለው ነጩ አፈር ነው። ንጹሕ ከሆነ የሚቀልጠው ከ1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው።

ግን ጥሬውን ብቻ አትለጥፉት። ከክብደቱ 14 በመቶ ያህሉ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ ውኃ ስለሆነ፣ ከ450 ዲግሪ በላይ ሲግል ውኃው እየወጣ ይሄዳል፣ ከዚያም በላይ ሲሞቅ ልባሱ ይኮማተራል። ስለዚህ አብዛኛውን ቀድማችሁ ከ1200 ዲግሪ በላይ አቃጥሉና ሰባብሩት።

አሁን መፍጨት። የብረት ጥይት (በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ እየተንከባለለ የሚፈጭ ኳስ) ያለበት ወፍጮ ርካሽ ነው፣ ግን ከሸሸነው ብረት ጋር መልሶ ያገናኘናል። የአሉሚና (ብረት የሌለበት ጠንካራ ሴራሚክ) ጥይትና ጎማ የለበሰ ወይም የፕላስቲክ በርሜል ይሻላል። ግማሹን በጥይት ሙሉ፣ አፈሩንና ውኃ ጨምሩ። በርሜሉ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው በደቂቃ 65 ዙር ገደማ ይበቃዋል። ጆሯችሁን አስጠጉና ስሙት፦ ጥይቶቹ ሲንከባለሉ ሳይቋረጥ ይንኳኳሉ። ድምፁ ከጠፋ ፍጥነቱ በዝቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል ማለት ነው፣ እንደዚያ ከሆነ መፍጨቱ ቆሟል። መብራት ጠፍቶ ከቆየም ዝቃጩ ታች ስለሚጠጥር፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት በርሜሉን በእጅ አገላብጡት።

ሲያልቅ በብዙ ውኃ አቅጥኑትና የገባበትን ብረት እንዲለቅምላችሁ ጠንካራ ማግኔት በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ አማስሉበት። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይሠራል። ጥቁር ጸጉር የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል፤ እሱ እስኪጠፋ አትተዉት።

ከዚያ ባልዲ ውስጥ በደንብ በጥብጡና 20 ደቂቃ አትንኩት። ከላይ ያለውን 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ በቱቦ ቅዱ። እዚያ ውስጥ የተንሳፈፈው በአብዛኛው ከ10 ሚክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ) በታች ነው፣ የትኛውም የገበያ ወንፊት እንዲህ አይለይላችሁም። የዘቀጠውን ወደ ወፍጮው መልሱት። የተቀዳውን አዝቅጡ፣ አድርቁ፣ ሲጓጉል ፈርፍሩት። ስትፈረፍሩ ማስክ አድርጉ፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ገብቶ ይቀራል፣ መድኃኒትም የለውም።

ለልባሱ ልሙን ብቻ አትጠቀሙ፣ ይሰነጠቃል። ሰባብራችሁት እንደ አሸዋ ሻካራ ከሆነው የተቃጠለ አፈር ይብዛበት፤ ልሙ ክፍተቱን ይሙላ፣ ጥቂት ጥሬ ካኦሊን ደግሞ ያያይዘው።