ፎርካችሁን ቀጭን አድርጋችሁ ያዙት

ለሊኑክስ የተጻፈ ፕሮግራም ወስዶ ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ማስነሳት ቀላሉ ሥራ ነው። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የዋናው ፕሮጀክት ሰዎች እናንተን አይጠብቁም። አዲስ ሪሊዝ (እትም) ባወጡ ቁጥር ፓቻችሁን (በኮዳቸው ላይ ያደረጋችሁትን ለውጥ) ይዛችሁ ከሥር ከሥራቸው መሄድ አለባችሁ። እኔ የአንድ ፋይል ማመሳሰያ ፕሮግራም ፎርክ፣ ማለትም ከዋናው ተቀድቶ የራሴን ለውጥ የጨመርኩበት ኮድ፣ እይዛለሁ። ሲጻፍ ሊኑክስ ብቻ ታስቦ ነው፤ እኔ ደግሞ ፍሪቢኤስዲ ላይ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው በእኔና በዋናው ኮድ መካከል ያለው ልዩነት እንዳይሰፋ ነው።

መጀመሪያ፣ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ላይ የዋናውን ፕሮጀክት ብራንች (የለውጥ መስመር) እንዳለ ተዉት። አንድም ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) አትጨምሩበት። ፓቻችሁ በሌላ ብራንች ይቀመጥ። ያም ብራንች ታግ የተደረገ (የቨርዥን ምልክት የተሰጠው) ሪሊዝ ላይ ይረፍ እንጂ ገና እየተሠራበት ያለ ኮድ ላይ አይሁን። አንድ ነገር ሲበላሽ ችግሩ ከእናንተ ይሁን ከእነሱ ቶሎ ትለያላችሁ።

ከዚያ ለአንድ ምክንያት አንድ ኮሚት። "ፍሪቢኤስዲ ላይ እንዲሠራ ተስተካከለ" የሚል መልእክት ውሎ አድሮ ለጻፈው ሰው እንኳ አይገባውም። የእኔ አንዱ ኮሚት እንዲህ ይላል፦ "ፕሮግራሙ ራሱ ያለበትን ቦታ ከፕሮክ ያነባል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ፕሮክ ካልተጠየቀ በቀር ማውንት አይደረግም። ስለዚህ በሲስሲቲኤል ይጠየቅ።" (ፕሮክ ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች መረጃ የሚነበብበት ፎልደር ነው፤ ማውንት ካልተደረገ አይገኝም። ሲስሲቲኤል ሲስተሙን በቀጥታ መጠየቂያ ነው።) ኮንፍሊክት፣ ማለትም የእናንተና የእነሱ ለውጥ አንድ ቦታ ላይ መጋጨት፣ ሲመጣ የሚያድናችሁ እንዲህ ያለ መልእክት ነው።

ኮዱን የት እንደምታስቀምጡት ደግሞ በደንብ አስቡበት። ሊኑክስ ላይ የፋይል ለውጥ የሚያሳውቀው ኢኖቲፋይ አንድ ፎልደር ሲሰጠው እዚያ ውስጥ የተፈጠረውን ፋይል ስሙን ጭምር ይነግራችኋል። የፍሪቢኤስዲው ኬኪው ግን ፎልደሩ መለወጡን እንጂ የትኛው ፋይል እንደገባ ወይም እንደወጣ አይናገርም። የፋይሉ ይዘት መቀየሩን ለማወቅም ፋይሉን ራሱን ከፍታችሁ መያዝ ግድ ነው። ስለዚህ ለውጥ በመጣ ቁጥር ፎልደሩን እንደገና ማንበብ፣ ከቀድሞው ዝርዝር ጋር ማነጻጸር፣ የተከፈቱት ፋይሎች ከተፈቀደው ቁጥር እንዳያልፉ መጠበቅ ይመጣል። ቀላል ኮድ አይደለም። ይህን ሁሉ በእነሱ ፋይል መሃል በኢፍዴፍ (ኮዱን በየሲስተሙ እየለየ በሚያስገባ ትእዛዝ) ብትበትኑት በየሪሊዙ ኮንፍሊክት ስትፈቱ ትከርማላችሁ። እኔ ለብቻው አዲስ ፋይል አደረግኩት። የኢኖቲፋዩ ፋይል የሚሰጣቸውን ፈንክሽኖች በዚያው ስም ይሰጣል። በእነሱ ኮድ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተነካው የትኛው ፋይል ኮምፓይል እንደሚደረግ የሚመርጠው የቢልድ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመቀየር) መስመር ብቻ ነው።

ይህን አካሄድ በትልቁ ማየት ከፈለጋችሁ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር መገናኛውን ኦፕንኤስኤስኤችን ተመልከቱ። ዋናው ኮድ የሚጻፈው ኦፕንቢኤስዲ ለሚባለው ሲስተም ነው። ለሌሎች ሲስተሞች የሚሆነው እትም ለብቻው ይወጣል፤ የቨርዥን ቁጥሩም ላይ "ፒ" ይጨመርበታል። ሌሎቹ ሲስተሞች የሚጎድላቸው ፈንክሽን አብዛኛው በአንድ ፎልደር ተሰብስቦ ተቀምጧል።

አዲስ ሪሊዝ ሲወጣ ሳይውል ሳያድር ሪቤዝ አድርጉ፤ ፓቻችሁን አንስታችሁ አዲሱ ሪሊዝ ላይ አሳርፉት። ሁለት ሦስት ሪሊዝ አጠራቅሞ በአንዴ መዝለል ኮንፍሊክቱን እርስ በርስ ያጠላልፈዋል። ጊት ላይ "ሪሪሪ" የሚባለውን ቅንብር አብሩት፤ አንድ ጊዜ የፈታችሁትን ኮንፍሊክት አስታውሶ ያው ሲደገም ራሱ ይፈታዋል። ሲያልቅ በ"ሬንጅ ዲፍ" የድሮውንና የአዲሱን ፓች ጎን ለጎን እዩ። ትእዛዙ በ2018 ከወጣው ጊት 2.19 ጀምሮ አለ። ሳታስቡት የተቀየረ ፓች ካለ እዚያ ላይ ፊት ለፊት ይታያችኋል።

ሪቤዙ ያለ ኮንፍሊክት አለፈ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። እነሱ አዲስ ፋይል ጨምረው ውስጡ ፍሪቢኤስዲ የሌለውን ኢፖል ቢጠሩ ጊት ምንም አይላችሁም። እኔ ሁልጊዜ በአሮጌውና በአዲሱ ሪሊዝ ታጎች መካከል ያለውን ዲፍ (የልዩነት ዝርዝር) አወጣና የሊኑክስ ብቻ የሆኑ ሄደሮችን (ፈንክሽኖችን የሚያሳውቁ ፋይሎችን) በግሬፕ፣ በጽሑፍ መፈለጊያው፣ እፈልጋለሁ። ከዚያ ቴስቱን የማስኬደው ፍሪቢኤስዲው ማሽን ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ማለፉ ስለ እናንተ ፓች ብዙ አይነግራችሁም።

ምስጠራ ወይም የይለፍ ቃል የሚነካ ኮድ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። በ2006 ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ውስጥ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ጥቅል ላይ አንድ ፓች ተጨመረ። የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማጥፋት ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫውን አብሮ አዳከመው። እስከ 2008 ድረስ በዚያ ሲስተም የተፈጠሩ ቁልፎች በቀላሉ የሚገመቱ ሆኑ። እንዲህ ያለ ለውጥ የግድ ካስፈለጋችሁ ዲፉን ሙሉውን ለዋናው ፕሮጀክት ልካችሁ በደንብ እንዲያዩት ጠይቁ፤ እስኪመልሱም ጠብቁ።

ሌሎቹንም ፓቾች ቢሆን ላኩላቸው። የተቀበሉት እያንዳንዱ ፓች ከእናንተ ጫንቃ ላይ ይወርዳል። ስትልኩ አንድ በአንድ፣ ትንሹንና ማንም የማይቃወመውን አስቀድሙ። የቨርዥን ስማችሁ ላይ ደግሞ የራሳችሁን ምልክት ጨምሩ፤ እናንተ ያመጣችሁትን ባግ (የኮድ ስህተት) ተጠቃሚው ለእነሱ እንዳይልክባቸው።

በመጨረሻ፣ በየሪሊዙ እያንዳንዱን ፓች "አሁንም ያስፈልጋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። ፍሪቢኤስዲ 15 ኢኖቲፋይን ራሱ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ይዞ መጥቷል። ያ የለፋሁበት የኬኪው ፋይል አሁን የሚያስፈልገው ከ15 በፊት ላሉት ብቻ ነው። በቢልዱ ላይ ቨርዥኑን የሚያይ መስመር አስገብቻለሁ፤ 14 ድጋፉ ሲያበቃ ኮሚቱን ከነፋይሉ አወጣዋለሁ።