ግሎስተር ሄዳችሁ የዓሣ አጥማጆቹን ሐውልት ስታዩ

ቦስተን አካባቢ ከሆናችሁ አንድ ቅዳሜ መድቡለት። መኪና አያስፈልግም። ከኖርዝ ስቴሽን ባቡር ይዛችሁ በአንድ ሰዓት ከምናምን ግሎስተር ትደርሳላችሁ፤ ብቻ ስትሳፈሩ ሮክፖርት የሚል መሆኑን አረጋግጡ፣ የኒውበሪፖርቱ ቤቨርሊ ላይ ተገንጥሎ ሌላ ቦታ ይወስዳችኋል። ጃኬት ያዙ። በሰመርም ቢሆን የባሕሩ ንፋስ ቀላል አይደለም።

ከጣቢያው ወደ ባሕሩ ውረዱና ውሃውን በግራ አድርጋችሁ ስቴሲ ቡልቫርድን ተከተሉ። የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ የመርከብ መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ ባሕሩን የሚያይ የነሐስ ሰው ታገኛላችሁ። ቁመቱ 2.4 ሜትር ገደማ ነው። ሊዮናርድ ክራስክ የከተማዋን 300ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ቀርጾት በፈረንጆቹ 1925 ቆመ። የቆመበት የመርከብ ወለል ማዘንበሉን ልብ በሉ፤ ሰውየው ማዕበል ውስጥ ነው።

ከሥሩ የተጻፈው ከመዝሙረ ዳዊት ነው፣ በመርከብ ወደ ባሕር ስለሚወርዱት የሚናገረው። በእንግሊዝኛው 107 ነው፤ በግዕዝ ዳዊት የምትደግሙ 106ን አውጡ። እዚያው ቆማችሁ፣ ማዕበሉ ጸጥ እስከሚልበት ድረስ አንብቡት።

ብዙ ሰው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። ዋናው ነገር ዙሪያውን ያሉት፣ በ2000 የተጨመሩት የነሐስ ሰሌዳዎች ናቸው፤ ባሕር ላይ የቀሩ የ5,368 ዓሣ አጥማጆች ስም ተጽፎባቸዋል። መጀመሪያ 1879ን ፈልጉ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ 249 ሰው አልቋል። ከዚያ 1991 ላይ አንድሪያ ጌይል ከምትባለው የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ጋር የጠፉትን ስድስቱን እዩ። ቀስ ብላችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁም ቢሆን ስማቸውን ጥሩ። ፖርቹጋሉ፣ ሲሲሊያዊው፣ ከኖቫ ስኮሺያ የመጣው፣ ብዙዎቹ እንደኛው እንጀራ ፍለጋ አገራቸውን ጥለው የወጡ ናቸው። ሬሳው ላልተገኘ ሰው ቤተሰብ ሄዶ የሚያለቅስበት ቦታ ይህ ነው። በቀይ ባሕር ወይም በሜዲትራኒያን ዘመድ ያጣችሁ ይህን ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ትንሽ ቀጥሉ። ልጆቿን ይዛ ወደ ባሕሩ የምታይ ሴት አለች፤ የዓሣ አጥማጆቹ ሚስቶች ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ በ2001 ያቆማት ናት። እኔ ከወንዱ ይልቅ እሷ ፊት ብዙ ቆሜያለሁ።

ስትመለሱ ጊዜ ካላችሁ ፕሮስፔክት ጎዳና ላይ ያለውን የፖርቹጋሎቹን ቤተ ክርስቲያን እዩ። እመቤታችን በክንዷ መርከብ ታቅፋ ከላይ ቆማለች። የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ግን ቀድማችሁ ያዙ፣ ቅዳሜና እሑድ አንዱ ካመለጣችሁ ቀጣዩ ቶሎ አይመጣም።