ስናፕ ሲፈታ፣ ሲነቀልና አልገጥም ሲል

ስናፕ፣ ማለትም ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚዘጋው የልብስና የቦርሳ ቁልፍ፣ ሲዘጋ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ አራት ክፍል ነው። ከላይ ኮፍያውና ጎድጓዳዋ ሴቴ፣ ከታች ሴቴዋ ውስጥ የሚገባው ጉጥ ወንዴና ከጀርባ የሚገባው መያዣ። ኮፍያውም መያዣውም ቀጭን ቱቦ አላቸው። ቱቦው ጨርቁን በስቶ ያልፍና ሲመታ ጫፉ ተገልብጦ ተጓዳኙን ክፍል ቆንጥጦ ይይዛል። ለጥገና የሚመጣው አብዛኛው ብልሽት መነሻው ይህ ቱቦ ነው፤ ሰው ግን የሚያማርረው ቁልፉን ነው።

ምንም ከመንቀላችሁ በፊት የቱ ወገን እንደተበላሸ ለዩ። ከዚያው ዓይነት አዲስ ወንዴ ወስዳችሁ አሮጌዋ ሴቴ ላይ ጫኑት። ጠቅ ካለ ሴቴዋ ደህና ናት፣ ጥፋቱ ያለው ወንዴው ላይ ነው። ካላለ ተቃራኒው። ደህናውን ወገን አትንኩት።

ይዘጋል ግን በራሱ ይከፈታል፤ ኮፍያው ይዞራል ወይም ያዘነብላል

ከሁሉም በላይ የሚመጣው ይህ ነው። ምክንያቱን ለማየት ሴቴዋን ገልብጣችሁ መሐሏን ተመልከቱ። በደንብ የተመታ ቱቦ ጫፉ እንደ ትንሽ ቀለበት ዙሪያውን እኩል ተገልብጦ ይታያል። የተበላሸው ግን ወደ አንድ ጎን የተኛ ከንፈር አለው፤ ወይም እንደ አበባ ተሰነጣጥቆ ተዘርግቷል። ቱቦው ወደ ጎን ከተኛ ሴቴዋም አብራ ታዘነብላለች፣ ወንዴው በቀጥታ አይገባም፣ የገባ ቢመስልም ግማሹ ብቻ ተይዟል። ቦርሳው ትንሽ ሲሞላ ይፈታል።

ምክንያቱ የቱቦው ርዝመትና የጨርቁ ውፍረት አለመመጣጠን ነው። 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው የቦርሳ ስናፕ፣ ቱቦው ከተበሳው ጨርቅ ወይም ቆዳ በላይ 3 ሚሊ ያህል መትረፍ አለበት። ከዚያ ብዙ ካለፈ ይታጠፋል። ካነሰ ደግሞ ጫፉ ሴቴዋን ለመያዝ አይበቃውም፤ ሁለት ሳምንት ይቆይና ኮፍያው ለብቻው እጅ ላይ ይቀራል።

ለጂንስ ጃኬት የተሠራ ረጅም ቱቦ በቀጭን የበግ ቆዳ ላይ ሲመታ የሚሆነው ይኸው ነው። ለልብስ የሚለፋ የበግ ቆዳ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም። የእጅጌው ስናፕ የተጣመመ የቆዳ ጃኬት ካያችሁ፣ ሰፊው ያገኘውን ስናፕ እንጂ የሚመጥነውን አልፈለገም ማለት ነው።

ስፖንጅ ያለበት ቦርሳ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ሲለኩት ወፍራም ነው፤ መዶሻ ሲያርፍበት ስፖንጁ ይጨመቅና ቱቦው በድንገት ረጅም ይሆናል፣ ይታጠፋል። ባይታጠፍም ስፖንጁ በጊዜ ብዛት ሲሟሽሽ ስናፑ ይላላል። ሦስት ጊዜ ስናፕ ተቀይሮለት ለአራተኛ የሚመጣ የተማሪ ቦርሳ ብታዩ አትገረሙ። በየጊዜው ያው ቱቦ፣ በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው ስፖንጅ ላይ ተመትቷል። ቀዳዳውም በእያንዳንዱ ቅያሬ እየሰፋ ሄዷል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። አሮጌውን በጉልበት አትጎትቱ፣ ጨርቁ ይቀደዳል። የተገለበጠውን የቱቦ ከንፈር በሹል ጉጠት ዙሪያውን ቆርጣችሁ አውጡት፤ ወይም በ4 ሚሊ ድሪል ቀስ ብላችሁ ብሱት። ሲበሳ ኮፍያው አብሮ ከዞረ በፒንሳ ያዙት፤ ካልተያዘ ጨርቁን በግጭት ያቃጥለዋል። አንድ ጊዜ የተመታ ቱቦ ዳግም አይመታም። ስለዚህ ሴቴዋን ብቻ መቀየር ብትፈልጉም ኮፍያው አብሮ ይቀየራል።

ስፖንጅ ካለ፣ ገበሩን በትንሹ ፍቱና ስናፑ በሚያርፍበት ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ስፖንጅ በክብ ቆርጣችሁ አውጡ። በምትኩ የቆዳ ቁራጭ አስገቡ፤ ቆዳ ሲመታ አይሸሽም። ቱቦው ለቀጭን ጨርቅ ከረዘመ መሐሉ የተበሳ ክብ ቆዳ እንደ ዋሸር ደርቡበት። ቀዳዳው የቱቦውን ውፍረት ያህል ብቻ ይሁን፣ ቱቦው ትንሽ ተጭኖ ይግባ። በመቀስ ጫፍ አትብሱ፤ የመቀስ ቀዳዳ ስንጥቅ ነው፣ ከስንጥቁ ጫፍ መቀደድ ይጀምራል።

ስትመቱ ኮፍያው ጎድጓዳው የብረት መቀመጫ ላይ ይረፍ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ከመታችሁት ጉልላቱ ይጠፈጠፋል። ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ የሚነጥር ከሆነ ወደ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ወለል ውረዱ። መምቻውን፣ ማለትም የቱቦውን ጫፍ የሚገለብጠውን በመዶሻ የሚመታ ብረት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ በአንድ ከባድ ምት ፋንታ ሦስት አራት መካከለኛ ምት ስጡት፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ መምቻውን ትንሽ አዙሩ። ከዚያ ኮፍያውን በጣታችሁ አዙሩት። ከዞረ አንድ ምት ይቀረዋል።

ቱቦው በአበባ መልክ ከተሰነጠቀ ስናፑ ርካሽ ብረት ነው፣ ወይም የመምቻው አፍንጫ ለቱቦው አይመጥንም። ስንጥቁ ስለት ስለሆነ ጨርቁን ከውስጥ ይበላዋል። አትተዉት።

ጭራሽ ጠቅ አይልም

ወንዴው በምት ብዛት ጭንቅላቱ ተጠፍጥፏል፤ አዲስ ከሆነ ደግሞ የሁለት ፋብሪካ ስናፕ ተቀላቅሏል። ስፋታቸው እኩል ስለሆነ ብቻ አይገጥሙም። ስትገዙ አራቱንም ክፍል ከአንድ ከረጢት ግዙ፣ ሱቁ በር ላይ አንዱን ዘግታችሁ ክፈቱ። በሴቴዋ ውስጥ ሁለት ትይዩ ቀጫጭን ሽቦዎች ካሉ ቁጠሯቸው። አንዱ ከወጣ ጥገና የለውም።

ለመክፈት ይከብዳል

ወንዴው ላይ ሻማ አሹበት፣ አሥር ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉ። ስትከፍቱም አውራ ጣታችሁን ከስናፑ ሥር አስገብታችሁ እንጂ የጨርቁን ጫፍ ይዛችሁ አትሳቡ። ስናፕ ሸክም የሚይዝ ዕቃም አይደለም፤ የቦርሳ ማንገቻ በስናፕ ብቻ ከተያዘ ወደ ዘለበት ቀይሩት።

ከሕፃን ልብስ ላይ ይነቀላል

የሕፃን ልብስ ስናፕ ብዙ ጊዜ ቱቦ የለውም፣ አምስት ጥርስ ያለው ቀለበት ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ በአንድ ድርብ ብቻ ሲሆን ጥርሶቹ ይበሱትና ያመልጣሉ። ከመሐል የማይለጠጥ የጥጥ ጨርቅ ወይም ተለጣፊ ገበር አስገቡ። ከመቱ በኋላ አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ ላዩ ላይ ጎትቱበት። ክር ከያዘ አንድ ጥርስ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ያ ጥርስ ሌሊቱን ሙሉ የልጁን ቆዳ ይቧጥጣል። የላላ ስናፕ ካያችሁ ልብሱን ዛሬውኑ አውልቁለት። ሕፃን አፉ ውስጥ ያስገባዋል፣ ያንቀዋል። እስኪጠገን ብላችሁ አታልብሱት።

ይዝጋል፣ ያረነጉዳል

ከመግዛታችሁ በፊት ኮፍያውን ለብቻው ማግኔት አስጠጉበት። ከተሳበ ውስጡ ብረት ነው፣ ቅቡ ሲላጥ ይዝጋል፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ቡናማ ክብ ይተዋል። ናስ አይዝግም፣ በላብ ያረነጉዳል፤ ይኼ ይጠረጋል። በረኪና ሁለቱንም ይጎዳል።

የፕላስቲክ ስናፕ በካውያ ይቀልጣል፤ በላዩ አትተኩሱ። በመርፌ የሚሰፋው ስናፕ ከተነቀለ ክሩ ነው፣ በጠንካራ ድርብ ክር በየቀዳዳው አራት ጊዜ ስፉት። የማግኔት ስናፕ እግሮቹ አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፋሉ፤ አቅንታችሁ መልሳችሁ ካጠፋችኋቸው ይሰበራሉ፣ ስለዚህ ከማጠፍ በፊት ሁለቱን ግማሾች አገናኝታችሁ ቦታቸውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ።